ካርዱ አልሞተም፣ ተኝቷል፦ የላፕቶፕ ጂፒዩን በድሬ ሙቀት ለሳይንስ ማሠራት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ላፕቶፑን ታቅፎ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ መጣ። ገና ከበሩ «አጎቴ፣ ካርዱ ሞቷል መሰለኝ፤ አንዴ እይልኝማ» አለኝ። ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዛው፣ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ። ሻጩ «ግራፊክስ ካርድ አለው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለበት፤ እሱም አምኖ ከፈለ። ካርዱ ሲሠራ ግን አንድም ቀን አላየውም። የፈለገው ደግሞ ለጌም አይደለም። እሱ ሲተኛ ላፕቶፑ ለሳይንስ እንዲያሰላ ብሎ ቦይንክ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኗል፤ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር «ለሥራ የሚሆን ጂፒዩ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ዝም ይላል፤ ጂፒዩ የሚለው ያንኑ ግራፊክስ ካርድ ነው።

እንዲህ ተብለው ከመጡልኝ ላፕቶፖች የአብዛኞቹ ካርድ ደህና ነበር። የተዘጋው በካርዱና በፕሮግራሙ መካከል ያለው መንገድ ነው። መንገዱን መክፈት የአንድ ማታ ሥራ ነው። እኛ አገር የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ካርዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ የሚያወጣውን ሙቀት የት እናደርገዋለን?

ለመሆኑ ምን እያሠራነው ነው?

አንድ የምርምር ቡድን በራሱ ኮምፒውተሮች ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ስሌት ሲገጥመው ስሌቱን ይቆራርጥና ቁራጮቹን በኢንተርኔት ለፈቃደኞች ኮምፒውተር ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ድርሻውን አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል። ሐሳቡን በዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሴቲ አት ሆም ነው፤ ከሕዋ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ውስጥ የሌላ ዓለም ምልክት ይፈልግ ነበር። በ2020 አዲስ ሥራ ማከፋፈል አቁሟል። ቦይንክ ግን ከዚያው ቤት የወጣ ሲሆን ዛሬ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጋሩት መሣሪያ ሆኗል። ከነዚህ አንዱ አይንስታይን አት ሆም ነው። በ2010 የፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ የሞተ ኮከብ፣ አገኙ። አሬሲቦ በ2020 ፈርሷል። አሁን ለጂፒዩ ከሚሰጡት ሥራዎች መካከል ደቡብ አፍሪካ ካለው ሚርካት፣ ከባለ 64 ዲሹ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ የተሰበሰበ መረጃ አለበት። የእህቴን ልጅ የማረከውም ይኸው ነው።

ፎልዲንግ አት ሆም የሚባለው ደግሞ የራሱ ፕሮግራም አለው። ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚተጣጠፉና እንደሚንቀሳቀሱ ያሰላል። በ2020 በኮሮናው ሰሞን የዓለም ሕዝብ ቤቱ ተዘግቶበት ኮምፒውተሩን ሲያውሰው አቅሙ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት በላይ ደርሶ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይለይልን። ይህ ክሪፕቶ ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ ማግኘት፣ አይደለም። ቦይንክ የሚሰጣችሁ ነጥብ ሻይ አይገዛም። «ላፕቶፕህን አብርተህ ተኛ፣ ገንዘብ ይገባልሃል» የሚላችሁ ሰው ካለ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ለምን ጂፒዩ? ለምን ፕሮሰሰሩ አይበቃም?

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው መኪናቸውን ያንጎራጉራሉ። የመንገዱ ስምም ከዚያ ድምፅ የመጣ ነው። አሁን በአንድ በኩል አንድ የታወቀ ባለሙያ ሰፊ አስቡ፦ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ኮት ከነገበሩ ይሰፋል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ፕሮሰሰር ማለት እሱ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚችሉ 384 ሰፊዎችን ደርድሩ። ኮት ስጧቸውና ግራ ይገባቸዋል። አሥር ሺህ ትራስ ልብስ ካመጣችሁ ግን ባለሙያው ሃያኛውን ሳይጨርስ እነሱ ክምሩን ያጋምሱታል። 384 ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ኤንቪዲያ ጂፎርስ ኤምኤክስ 150 ያሏት ትንንሽ አስሊዎች ቁጥር ነው። ትንሽ ካርድ ናት፣ በ2017 የወጣች።

ፑልሳር ፍለጋ የትራስ ልብስ ሥራ ነው። ኮከቡ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር፣ ሌላ ኮከብ እየዞረ ከሆነ ምሕዋሩ ምን እንደሚመስል አይታወቅም። ስለዚህ አንዱን የሬዲዮ ቅጂ ይዞ እጅግ ብዙ ግምቶችን እየቀያየሩ ያንኑ ፈተና መደጋገም ነው፤ አንዱ ግምት ሌላውን አይጠብቅም። ፕሮቲንም እንደዚያው፦ በሺዎች የሚቆጠሩ አቶሞች እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚገፉና እንደሚሳቡ ባንድ ላይ ይሰላል።

ሰፊዎቹ አንድ ድክመት አለባቸው። አንዳንድ ፕሮጀክት ቁጥሩን በእጥፍ ጥራት፣ ማለትም ከነብዙ አሐዙ፣ እንዲሰላ ይፈልጋል። ለጌም የተሠሩ ካርዶች ለዚያ የሚሆን ረቂቅ መርፌ ብዙ አልተሰጣቸውም። በዚች ካርድ ላይ የእጥፍ ጥራት ፍጥነት ከተራው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክት ስትመርጡ «ጂፒዩ ይቀበላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ በምን ጥራት እንደሚያሰላም እዩ። ጨርሶ ጂፒዩ የማይጠቀሙም አሉ፤ ሮዜታ አት ሆም ለምሳሌ በፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚሠራው። ሰው ሮዜታን ብቻ መርጦ «ካርዴ ሥራ አልመጣለትም» ሲል ሰምቻለሁ።

መንገዱ የት ላይ ተዘጋ?

ሦስት በር አለ፤ በተራ ነው የሚታየው። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ራሱ ካርዱን ያየዋል ወይ? ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱና ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። ኢንቴልም ኤንቪዲያም፣ ሁለት ስም ማየት አለባችሁ። ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ተራውን ሥራ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ላለችው ትንሿ የኢንቴል ጂፒዩ ይሰጥና ትልቁን ካርድ ያስተኛዋል። ኤንቪዲያ ይህን ዘዴ ኦፕቲመስ ብሎ ያመጣው በ2010 ነው። ስለዚህ «ካርዱ አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቀስቃሽ አላገኘም ማለት ነው። ስሙ አጠገብ ቢጫ ምልክት ካለና ሲከፈት «ኮድ 43» ካለ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የካርዱ መሞትም ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ የዛሬ ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ወስጄ ቺፑን በሙቅ አየር መትተው መለሱልኝ። ሦስት ሳምንት ሠርቶ እንደገና ሞተ፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። በሙቅ አየር የዳነ ካርድ ለሌሊት ስሌት አይሆንም። ሙቀት ነው የገደለው፣ ሙቀት ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው በር ድራይቨር ነው፤ ብዙው ሰው የሚቆመውም እዚህ ነው። ዊንዶውስ በራሱ አፕዴት የሚያመጣው ድራይቨር ስክሪኑን ለማሳየት ይበቃል። ለስሌት ግን ኩዳ እና ኦፕን ሲኤል የሚባሉ ተጨማሪ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም። ካርዱ ስዕል መሳል ያውቃል፣ ሒሳብ የሚሠራበት ቋንቋ ግን አልተሰጠውም። መፍትሔው ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ከራሱ ገጽ፣ ለላፕቶፕ የሚሆነውን ሞዴል በትክክል መርጦ ማውረድ ነው። ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በቀን ፓኬጅ አትጀምሩት። ስትጭኑ «ክሊን ኢንስቶሌሽን» የሚለውን ምረጡ፤ የአሮጌው ቅሪት እንዲጠረግ።

ያገለገለ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጂፎርስ 600ኤም ወይም 700ኤም የሚል ካርድ ያለውን ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ብላችሁ አትግዙ። ብዙዎቹ የኬፕለር ትውልድ ናቸው፤ ለላፕቶፕ ኬፕለር አዲስ ድራይቨር መውጣት ከቆመ ዓመታት ሆኖታል። የእህቴ ልጅ ካርድ የፓስካል ትውልድ ናት። ለሷና ከሷ ለሚቀድመው ማክስዌል 580 የሚባለው የድራይቨር ተከታታይ የመጨረሻው ነው፤ ዛሬ ትሠራለች፣ ፊቷ ግን ወደ ጡረታ ነው።

ሦስተኛው በር ቦይንክ ራሱ ነው። ጂፒዩ የሚፈልገው ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድራይቨር ቀይራችሁ ቦይንክን እንደገና ካላስነሳችሁት ያው የድሮውን መልስ ይሰጣችኋል። መስኮቱን መዝጋት ደግሞ ማጥፋት አይደለም፤ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይቀጥላል። ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉና ይለይለት። ሲጫን «ሰርቪስ» ሆኖ እንዲሠራ ከተመረጠም በዊንዶውስ ላይ ጂፒዩ አይነካም፤ ያን ምርጫ አጥፍቶ መልሶ መጫን ነው። ከዚያ ቱልስ ውስጥ ገብታችሁ ኢቨንት ሎግ የሚለውን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሠላሳ መስመሮች ሳያነቡ ሰው መጠየቅ ነውር ነው እላለሁ። ኩዳ ከሚል ቃል ጋር የካርዱ ስም፣ የድራይቨሩ ቁጥር፣ የሜሞሪው መጠን ከወጣ መንገዱ ተከፍቷል። ካርዱ ታውቆ ሥራ ካልመጣ ደግሞ ምክንያቱ እዚያው ይጻፋል፤ ባለ 2 ጊጋባይት ካርድ ከሆነ የሜሞሪ ማነስ አንዱ የተለመደ ምክንያት ነው።

ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ባጭሩ፦ ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር ኩዳ የለውም፤ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው የኤንቪዲያውን ምረጡ። ሴኪዩር ቡት ከበራ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በችኮላ «ቀጥል» ብሎ ያለፈ ሰው ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ አይነሳለትም፤ ምክንያቱንም ሲፈልግ ያድራል። ቦይንክ ደግሞ በራሱ ስም እንደ ተጠቃሚ ስለሚሠራ ያን ተጠቃሚ ቪዲዮ እና ሬንደር ወደሚባሉት ቡድኖች መጨመር ነው።

«አሁንም አይሠራም!»

ድራይቨሩን ጫንን፣ ሎጉ ላይ የካርዱ ስም ወጣ፣ ልጁ ከደስታው ብዛት ሊዘል ደረሰ፤ ሥራም ወረደ። ከዚያ ቆመ። «አቦ፣ ምን ሆነ ደግሞ?» እያለ ማውሱን ያንቀሳቅሳል፣ ገጹን ያገላብጣል። አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ አየሁት። ቦይንክ ሲጫን ጀምሮ ሰው ላፕቶፑን እየነካ ከሆነ ጂፒዩውን ያቆማል፤ እጅ ከተነሳ ሦስት ደቂቃ ሲሆነው ነው የሚቀጥለው። ልጁ ይሠራ እንደሆነ ለማየት በነካው ቁጥር እያስቆመው ነበር። ቡና እንጠጣ ብዬ ከላፕቶፑ አስነሳሁት። ሁለተኛው ስኒ ላይ ፋኑ መጮህ ጀመረ።

አክቲቪቲ ውስጥ «ዩዝ ጂፒዩ ኦልዌይስ» የሚል አለ፤ ሰው ቢነካውም ባይነካውም ያሠራዋል። እኔ ግን አልመክረውም፤ ስክሪኑ ይንቀራፈፋል፣ ቀን ደግሞ ይሞቃል። ሁለት ነገር ግን አስተካክሉ። አንደኛ፣ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች፣ ማለትም ውስጡ ካሉት አስሊዎች፣ አንዱን ክፍት ተዉ። ለነዚያ 384 ሰፊዎች ጨርቅ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም በሌላ ስሌት ከተጠመደ መንገዱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አራት ኮር ላለው ላፕቶፕ «ከፕሮሰሰሩ 75 በመቶ ተጠቀም» ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የኢንቴሏን ጂፒዩ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ አጥፏት። ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ቺፕ ላይ ስላለች የምትጨምረው ስሌት ትንሽ፣ የምትጨምረው ሙቀት ግን ብዙ ነው።

መብራትና ዳታ

እዚህ ላይ ቦይንክ ለኛ ሰፈር የተሠራ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ መዞሩን አይቶ ራሱ ያቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህ ምርጫ ከመጀመሪያው የበራ ስለሆነ አትንኩት። መብራት ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ቻርጀሩ በስታቢላይዘር በኩል ይሁን። ባትሪውን ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት ማቆየት ያሳብጠዋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ባትሪውን 60 ወይም 80 ላይ የሚያስቆም ምርጫ አለው፤ ካለ ተጠቀሙበት። የማውስ ሰሌዳው ከፍ ከፍ ካለባችሁ ባትሪው አብጧል፤ የዚያን ዕለት አጥፉት።

ወጪውን በደፈናው አስልቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሲያሰላ 50 ዋት ግድም ይወስዳል ብንል፣ በሌሊት 10 ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር ቆጣሪያችሁ እርከን ጫፍ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማችኋል። የቤቱን ሂሳብ የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ አስፈቅዱ፤ የእህቴ ልጅ እናቱን ለማሳመን ከድራይቨሩ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል። ለዳታው ቦይንክ በየስንት ቀኑ ስንት ሜጋባይት እንደሚጠቀም መወሰን፣ በሌሊት ሰዓት ብቻ እንዲያወርድ ማድረግ ይቻላል። የሌሊት ፓኬጅ ለምትገዙ ይኸ ወርቅ ነው።

ሙቀቱ

ላፕቶፕ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ፋኑ የሚያደርገው የክፍሉን አየር ስቦ በቺፑ ሙቀት አሙቆ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ካርዱ የሚደርስበት ሙቀት በግምት የክፍሉ ሙቀት ሲደመር ሥራው የሚጨምረው ነው። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ስንለካው ጭማሪው 47 ዲግሪ ግድም ሆነ። ኅዳር ላይ ማታ ክፍሉ 24 ከሆነ 71፤ ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 36 ሲሆን 83። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ሥራ። እዚያ ላይ አቧራ ጨምሩበት። ድሬ ላይ ንፋስ ሲነሳ የደቻቱ ወንዝ አሸዋውን ለየቤቱ ያድላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲከፈት ፋኑና የብረት ክንፎቹ መሐል እንደተነደፈ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ይወጣል። እሱን ማስጠረግ፣ ቺፑና ብረቱ መሐል የሚቀባው ፔስት ከደረቀ ማስቀየር፣ ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል። የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ስናስጠርገው ጭማሪው ከ58 ነው ወደ 47 የወረደው።

ቀሪው ቀላል ነው። ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፤ ታፍኖ ያድራል። ከኋላ በኩል ከሥሩ ሁለት ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ደራርባችሁ ከፍ አድርጉት፤ አየር የሚስበው ከሥር ነው። ቬንቲሌተር ካላችሁ ለናንተ የሚነፍሰው ለሱም ይድረሰው። ሙቀቱን ከድራይቨሩ ጋር በሚመጣው ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ ማየት ይቻላል። እኔ 80 ካለፈ አቆማለሁ። ካርዱ 80 ላይ ይቃጠላል ማለቴ አይደለም፤ ቺፑ ከዚያም በላይ ይችላል፣ ሲብስበትም ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚጎዳው በዙሪያው ያለው ነው፦ ባትሪው፣ ፋኑ፣ ብየዳው። ከሚያዝያ ማብቂያ እስከ ነሐሴ ድረስ ደግሞ በኔ ቤት ስሌት የለም። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ይሥሩት፤ ብርዱን ይጠቀሙበት።

ሌላም ምልክት አለ። ፕሮጀክቱ የአንድን ሰው መልስ ብቻ አያምንም፤ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሥራ ለሌላ ኮምፒውተርም ይልክና ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ብቻ ይቀበላል። በገጻችሁ ላይ ውድቅ የሆኑ መልሶች ከተደጋገሙ ካርዱ በሙቀት ወይም በእርጅና መሳሳት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ሒሳቡ ቀድሞ ይበላሻል።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ መልስ አራት ቀን «በመጠባበቅ ላይ» ሆኖ ቆየ። ያው ሥራ የተላከለት ሌላኛው ኮምፒውተር የየት አገር እንደሆነ አናውቅም፤ ባለቤቱ ምናልባት ዘግቶት ሄዶ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ።

«አጎቴ፣ ተቀበሉት!»

«ስንት ዲግሪ ላይ ነው?» አልኩት።

«71።»